ከቀጠሮው በፊት ያሉት ሌሊቶች

ልጆቼ፣ ሐኪም «ፊኛህን በካሜራ ማየት አለብን» ያለው ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሕመም ይታመማል። አንደኛው ይዞት የመጣው ነው፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት፣ ማቃጠል፣ ማንጠባጠብ ወይም ደም መቀላቀል። ሁለተኛው እስከ ቀጠሮው ቀን አብሮት የሚያድረው ፍርሃት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሽንት ሕክምና ክፍል በነርስነት ነውና፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲከፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ምርመራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሰውን የሚጎዳው ከዚያ በፊት ያሉት ሌሊቶች ናቸው። እኔ ግን «አይዟችሁ፣ ምንም አይደለም» ብዬ ልሸኛችሁ አልፈልግም። ምንም አይደለም ማለት ውሸት ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ውሸቱን ከሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። ፍርሃት የሚለዝበው የሚደረገውን ነገር አስቀድሞ በማወቅና አፍ አውጥቶ በመናገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ፍርሃት ከሌላው የሚለየው ሃፍረት ያለበት መሆኑ ነው። ጥርሱን ሊነቀል የሚሄድ ሰው ለጎረቤቱ ያወራል፤ ይህኛውን ለሚስቱ እንኳ የማይነግር አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ በሽታውን ለሐኪም ገልጦ ፍርሃቱን ግን ይደብቃል። ከዚያ ሌሊት ስልኩን ከፍቶ የማያውቃቸውን ሰዎች ታሪክ ሲለቅም ያድራል። እዚያ የሚጽፈው ደግሞ በአብዛኛው የተጎዳው ወይም የተናደደው ነው። ምርመራውን በሰላም ጨርሶ ከሰዓት ወደ ሥራው የተመለሰው ምን ብሎ ይጽፋል?

ሌላው የፍርሃት ምንጭ የአጎት ወሬ ነው። አጎታችሁ «ብረት ከተቱብኝ» ካለ አልዋሸም። ማክሲሚሊያን ኒትዘ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1879 ቪየና ላይ ያሳየው የፊኛ መመልከቻ ግትር የብረት ቱቦ ነበር። ብርሃኑ ከጋለ የፕላቲነም ሽቦ ስለሚመጣ ፊኛውን እንዳያቃጥል ውሃ እየተላለፈበት ይቀዘቅዝ ነበር። ተጣጣፊው ዓይነት በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከእርሳስ የቀጠነ ነው፣ ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ። ግትሩ ግን ዛሬም አለ። በተለይ አንድ ነገር ቆርጦ ለማውጣት ያስፈልጋል፤ ተጣጣፊው በሌለበት ሆስፒታልም የሚሠራው እሱ ነው። ለወንድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በወገብ በሚሰጥ ወይም በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋል። የሴት የሽንት ቧንቧ ወደ 4 ሴንቲሜትር፣ የወንድ ደግሞ ወደ 20 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሴቶች ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ጄል ብቻ ይችሉታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የትኛው ነው የሚደረግልኝ? ማደንዘዣውስ ምንድን ነው?» ይሁን። ይህን ብቻ ጠይቆ ከግማሽ ፍርሃቱ የተገላገለ ሰው አውቃለሁ።

ከዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ምርመራው ያስፈልጋል ወይ? ይህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። የሽንት ምርመራ፣ የሽንት ካልቸር፣ አልትራሳውንድ፣ ከሸኑ በኋላ ፊኛ ውስጥ የቀረውን ሽንት መለካት፤ እነዚህ ሁሉ ምንም ነገር ወደ ውስጥ ሳይገባ የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙ ሰው በእነሱ ብቻ መልሱን ያገኛል። ደግሞ አንዳንዴ ለፍርሃቱም ለሕመሙም የሚጠቅም ቀላል ሥራ አለ። ለሦስት ቀን ምን ያህል እንደጠጣችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሸናችሁ፣ ምን ያህል እንደሸናችሁ በማስታወሻ ያዙ። መለኪያ ከሌላችሁ ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ጆግ ይበቃል። በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ከአምስት ስኒ ቡና ጋር ጠጥቶ «ሽንት አላስቀምጥ አለኝ» የሚል ሰው ችግሩን ከወረቀቱ ላይ ራሱ ያነበዋል። ጭንቀት ራሱ ሽንት እንደሚያስቸኩልም አትርሱ፤ ፈተና በር ላይ የቆመ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐኪሙን እንዲህ በሉት፤ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆንና እንዲያ ቢሆን ሕክምናዬ ይለያያል?» መልሱ «አይለያይም» ከሆነ ምርመራው ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሲያስሉና ሲስቁ ሽንት የሚያመልጣቸውን 630 ሴቶች አይቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት የፊኛ ግፊት የተለካላቸው ሴቶች በተለመደው የክሊኒክ ምርመራ ብቻ ከታዩት የተሻለ ውጤት አላገኙም። ችግራቸው ቀላልና ግልጽ ለሆነ ሴቶች ማለቴ ነው፤ የነርቭ ሕመም ላለበት ወይም ቀዶ ሕክምናው ላልሠራለት ሰው ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን የማልደራደርበት ቦታ ላይ ደረስኩ። በዓይን የሚታይ ደም ከሽንት ጋር ከወጣ፣ በተለይ ሳያም ከወጣ፣ ምርመራውን በፍርሃት አታሳልፉ። አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ። የፊኛ እብጠት ደም ሲሰጥ ይቆያል፣ ይቆማል፣ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ የቆመው ደም ሰውን ያታልላል። «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ በላይ በላዩ አንቲባዮቲክ እየዋጠ ዓመት የሚያሳልፍም አለ። አብዛኛው ደም ካንሰር አይደለም፤ ጠጠር አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ የፕሮስቴት ማበጥ አለ። አዋሽ ሸለቆ ቆላው ላይ የኖረ ወይም የሠራ ሰው ደግሞ የፊኛ ቢልሃርዝያ ሊሆንበት ይችላልና የኖረበትን አገር ለሐኪሙ ይናገር። ሲጋራ ያጨሰም አይደብቅ፤ ለፊኛ ካንሰር ከሚያጋልጡት ዋናው ሲጋራ ነው። አባቶቻችሁንም በዚህ ጉዳይ ተቆጧቸው። ሽማግሌ ሰው ደም አይቶ ለልጆቹ ሳይናገር ጸበል ብቻ ሲመላለስ ይከርማል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ቀጠሮውንም ይያዝ ነው የምለው።

እንግዲህ ስለ ቀኑ ልንገራችሁ። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ካልሲ አታውልቁ። ከወገብ በታች ልብስ ታወልቃላችሁ፣ ጨርቅ ይደረብባችኋል፣ ቀዝቃዛ መድኃኒት ባለበት ፋሻ ትታጠባላችሁ። ከዚያ ማደንዘዣ ጄሉ ይገባል። ይህ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆነጥጣል፤ አንዳንዱ ሰው ከሁሉ የከፋው እሱ ነው ይላል። ጄሉ እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ የሚቸኩል ሰው ካጋጠማችሁ «ትንሽ ይቆይልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ካሜራው ሲገባ በሴቶች ብዙም ሳይቆይ ፊኛ ውስጥ ይደርሳል። በወንዶች ግን ፕሮስቴቱ አካባቢ፣ ሽንት የሚይዘው ጡንቻ ላይ ሲደርስ፣ የሚወጋ ስሜት ይመጣል። ሰው እዚህ ጋር ጡንቻውን ጨምድዶ ይይዛል፤ በመያዙም የበለጠ ያማል። ያኔ ሽንት ቤት ገብታችሁ ሽንት ልትለቁ ስትሉ የምታደርጉትን አድርጉ። ይወጣብኛል ብላችሁ አትፈሩ፤ ቢወጣ እዚያ ቤት ያልታየ ነገር አይደለም። ትንፋሻችሁን ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ፣ የእግር ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። አንዳንድ ሐኪም በዚያች ቅጽበት የውሃውን ከረጢት ጨመቅ ያደርገዋል፤ ውሃው መንገዱን ስለሚከፍት ሕመሙ ይቀንሳል።

ከዚያ ፊኛችሁ በውሃ ይሞላል፤ የሚሰማችሁ ሕመም ሳይሆን ሽንት ሽንት ማለት ነው። ዙሪያውን ለማየት በድምሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ማያው ከፊታችሁ ካለ ማየት የሚያረጋጋው ሰው አለ፤ ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙር ወይም መንዙማ መስማት የሚሻለውም አለ። ሁለቱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ፤ «እጄን ካነሳሁ ይቁሙልኝ»። ማስቆም እንደሚችል ያወቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ማስቆም አያስፈልገውም።

ቀደም ብዬ ያነሳሁት የፊኛ ግፊት መለካት ደግሞ ሌላ ምርመራ ነው። ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ፣ ሌላ ቀጭን ቱቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊንጢጣ ይገባል፤ ፊኛው በዝግታ ይሞላል፤ አስሉ ትባላላችሁ፤ በመጨረሻ መሣሪያው ላይ ሸኑ ትባላላችሁ። ሕመሙ ትንሽ ነው፤ የሚከብደው ሰው እያየ መሽናት ነው። «እባካችሁ ለአፍታ ውጡልኝ» በሉ፤ በተቻለ መጠን ይደረግላችኋል።

ለሴት ልጆቼ ለብቻ አንድ ነገር አለኝ። የሽንት ቀዳዳ ሌላ ነው፣ የማህፀን መንገድ ሌላ ነው። የፊኛ ካሜራ ድንግልናን አይነካም። በዚህ ፍርሃት ብቻ ቀጠሮ የምትሰርዝ ልጅ አለች፤ እናቷም ትሰርዝላታለች። ሴት ነርስ አጠገባችሁ እንድትቆም ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ግርዛት የተፈጸመባት፣ በተለይ የተሰፋች፣ አስቀድማ ለነርሷ ትንገራት፤ መንገዱ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ዝግጅቱ ይለያል። ተደፍራ የምታውቅ ሴትም፣ ወንድም ቢሆን፣ ዝርዝሩን ሳይናገር «መነካት ይከብደኛል» ማለት ይበቃዋል። «ሲስተር፣ ፈርቻለሁ» የሚለው ቃል እኛን አያስቀይመንም። ይልቅ ፈርቶ ዝም ያለው ነው ሥራችንን የሚያከብደው፤ ድንገት ይነሳል፣ እግሩን ያጋጥማል።

ከቀጠሮው በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። በልብ ቫልቭ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ሐኪሙ ሳያዝ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። በዚያ ሰሞን ትኩሳትና ማቃጠል ከጀመራችሁም ተናገሩ፤ ኢንፌክሽን እያለ ካሜራ አይገባም፣ ቀጠሮው ይዛወራል። በጄል ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምግብ መተው አያስፈልግም፤ ማደንዘዣ ካለ ያስፈልጋል። ጾመኞች ሆይ፣ ከምርመራው በኋላ ውሃ በደንብ መጠጣት አለባችሁ። ለአልትራሳውንድም ፊኛችሁ እንዲሞላ ትጠጣላችሁ። ስለዚህ ቀኑን ስትይዙ ጾሙን አስቡ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁንም አማክሩ። በጾም ሰበብ ሳይጠጣ የመጣ ሰው ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሲጠብቅ ማየት ያሳዝናል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። አባት ስለ ሽንቱና ስለ ወንድነቱ በልጁ አፍ እውነቱን አይናገርም፤ ልጁም ያጠረ ነገር ይተረጉማል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» በሉ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ ልጆቼ ነገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አሠሪ ፊት ከመናገር፣ ሕመማችሁን በወረቀት በአረብኛ አጽፋችሁ ለሐኪሙ በእጁ ስጡት።

ምርመራው ሲያልቅ የመጀመሪያው ሽንት ያቃጥላል። ቀላ ያለ ሽንትም ለአንድ ሁለት ቀን ሊታይ ይችላል፤ ውሃ ጠጡ። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ ከተዘጋ፣ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ማረጋጊያ ከተሰጣችሁ የሚወስዳችሁ ሰው ይኑር፤ መኪና አትንዱ።

ናሙና ተወስዶ ከሆነ ከክፍሉ ሳትወጡ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስና ማን እንደሚነግራችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ። ቀኑ ካለፈ ራሳችሁ ሂዱ፤ ካልደወሉልኝ ደህና ነኝ ማለት ነው ብላችሁ አትቀመጡ። «ካሜራው ምንም አላሳየም» ከተባላችሁ ደግሞ ሕመማችሁ ቅዠት ነው ማለት አይደለም። ፊኛ መልኩ ጤነኛ ሆኖ ሥራው የሚረበሽበት ሁኔታ አለ፤ ሰዓቱን እየጨመሩ ሽንትን የማቆየት ልምምድ፣ የዳሌ ሥር ጡንቻን ማጠንከር፣ የሚዋጥ መድኃኒትም አለው። ልምምዱ ለውጥ የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ ነውና፣ ከመውጣታችሁ በፊት የክትትሉን ቀጠሮ አስይዙ፤ የሦስት ቀኑንም ማስታወሻ ይዛችሁ ተመለሱ።