ውጭ ሄዶ ጥርስ ማሠራት ይቻላል ወይ?



ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የያዝነው ጥያቄ ከወጣቶች ደጋግሞ የሚነሣ ነው። ስልካችሁን ስትከፍቱ ኢስታንቡል ሄዶ እንደ ወተት የነጣ ጥርስ አሠርቶ የተመለሰ ሰው ታያላችሁ። ከመሄዱ በፊት የነበረው ፎቶ በአንድ በኩል፣ የአሁኑ በሌላ በኩል። ሆቴሉም፣ ሕክምናው፣ ከአየር ማረፊያ የሚቀበለው መኪናም በአንድ ሒሳብ ተጠቃሎ "ርካሽ ነው" ይባላል። ፀጉር ማስተከሉም እንደዚያው። ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ተቀምጦ ይህን የሚያይ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሐላል ነው ወይስ ሐራም?" ብሎ ነው። መልካም ጥያቄ ነው፤ ከቲኬቱ በፊት ዲኑን ማስቀደሙ ራሱ ኸይር ነው።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 119ኛው አንቀጽ ላይ ሸይጧን የሰውን ልጅ የአላህን ፍጥረት እንዲለውጥ እንደሚያዘው መዛቱ ተነግሮናል። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ንቅሳት የሚነቅሱና ለቁንጅና ብለው በጥርሶቻቸው መካከል ክፍተት የሚያስሞርዱ ሴቶች ተረግመዋል። ልብ በሉ፤ የጥርስ ነገር በሐዲሱ ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል። ኢማም አን-ነወዊ ሲያብራሩት "ለቁንጅና ብለው" የሚለው ቃል ላይ ያተኩራሉ። ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ከሆነ ችግር የለበትም ይላሉ።

የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድን (ረ.ዐ) ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከእስልምና በፊት በነበረ የኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። ከብር አፍንጫ አሠሩ፤ ብሩ ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ሰው ፊቱን ሳይሸፍን ከሰዎች መካከል እንዲቀመጥ ሲባል ወርቁ ተፈቀደ! ዑለማዎች ከዚህ ተነሥተው የተነቃነቀን ጥርስ በወርቅ ማሰርን ፈቅደዋል። ዲናችን የተጎዳን ፊት "ታገሥ" ብሎ ብቻ አያልፍም።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ2007 እ.ኤ.አ. ማሌዥያ ውስጥ በፑትራጃያ ተሰብስቦ የተናገረው በዚሁ መሥመር ላይ ነው። ሲወለዱ የመጣን ጉድለት፣ ለምሳሌ የከንፈር መሰንጠቅን፣ ወይም ቃጠሎና አደጋ ያመጣውን ማስተካከል ይፈቀዳል። ስሜትን ለመከተልና ሌሎችን ለመምሰል ተብሎ ጤነኛን አካል መቁረጥና መለወጥ ግን አይፈቀድም። የየራሳችሁን ጉዳይ በአካባቢያችሁ ያሉ ዐሊሞችን ጠይቁ፤ እዚህ የምንጽፈው ፈትዋ አይደለም።

ታዲያ "ጉድለት" የሚባለው የትኛው ነው? ማንስ ነው የሚወስነው? እኔ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

በእኛ አገር ፍንጭት ጥርስ የቁንጅና ምልክት ነበር። ከፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ያላት ልጅ ትወደሳለች እንጂ አትታዘንላትም። አንዳንድ አካባቢ ድዳቸውን በንቅሳት የሚያጠቁሩ እናቶች ነበሩ፤ ውበት ነው ብለው። ዛሬ የእነሱ የልጅ ልጅ ፍንጭቱን ለማስደፈን ገንዘብ ታጠራቅማለች። ያንን ክፍተት አላህ ባለበት አኑሮታል፤ የተቀየረው የሚያየው ዐይን ነው። ሐዲሱ የተናገረባቸው ሴቶች ክፍተት ለመፍጠር ያስሞርዱ ነበር፣ የእኛዎቹ ክፍተት ለመዝጋት ያስሞርዳሉ። ሁለቱም ጤነኛ ጥርስ ነው የሚያስሞርዱት።

መሞረድ ስል በምሳሌ መናገሬ አይደለም። ሙሉ ሽፋን ለማልበስ ሐኪሙ ጤነኛውን ጥርስ ዙሪያውን ፍቆ ትንሽ ጉቶ ያስቀራል፣ ሽፋኑ በዚያ ላይ ይለጠፋል። የተፋቀው የጥርስ ገለባ ዳግመኛ አይበቅልም። ሽፋኑም የዕድሜ ልክ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቆይቶ መቀየር ይኖርበታል። በ20 ዓመቱ ያሠራ ልጅ አላህ ዕድሜ ከሰጠው ሦስቴም አራቴም ይመለስበታል ማለት ነው። ከወር በኋላ ቢያመው ደግሞ የሠራው ሐኪም ባሕር ማዶ ነው። ማስታወቂያው ይህን አይነግራችሁም። አካላችን አማና ከሆነ፣ ጤነኛን ጥርስ ለፎቶ ብሎ ማስፈለጥ በአማናው ላይ የሚፈጸም ነገር ነው።

አሁን ደግሞ እውነተኛውን ጉድለት እንይ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሆሳዕና ተነሥታችሁ በቦኖሻ በኩል ወደ ሃላባ ቁሊቶ ስትወርዱ ደጋው ያልቅና ስምጥ ሸለቆ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ በሃላባ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ ጥርሳቸው የበለዘ፣ አንዳንዱም የተቦረቦረ ብዙ ወጣቶች አሉ። ሰው "ጥርሱን አይፍቅም" ብሎ ያማቸዋል። ይህ በደል ነው። መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ምክንያቱ ውሃው ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 በላይ ተለክቷል። ቋሚ ጥርስ ከድድ ሥር በሚሠራበት ዘመን፣ ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ በልዞ ይበቅላል። አድጎ ወደዚያ የሄደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። ከፍተኛ መጠኑን ለብዙ ዓመታት የጠጣ ግን አጥንቱ ይጎዳል፤ በወንጂ የስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ ወገብ እስከ ማጉበጥ መድረሱ ተመዝግቧል።

እንግዲህ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ የሃላባ ልጅ ጥርሱን ቢያሳክም የአላህን ፍጥረት ለወጠ የሚለው ማነው? ከዐርፈጃ አፍንጫ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ ይመስለኛል። ያውም ለብዙዎቹ ሙሉ ሽፋን አያስፈልጋቸውም፤ ላዩን በስሱ መፋቅ፣ ማንጣት፣ በጥርስ ቀለም መለሰን የሚባሉ ቀለል ያሉ ሕክምናዎች አሉ። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው በአገር ውስጥ ያለ የጥርስ ሐኪም ነው። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ጥርሳቸውን አዲስ አበባ አሠርተው እንደሚመለሱ ታውቁ የለ? ለእነሱ ርካሹ እኛ ጋ ያለው ነው።

"ርካሽ" ለማን? ለንደን ለሚኖር ሰው ኢስታንቡል ርካሽ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ለሆሳዕና ልጅ ይህ ዶላር ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከሃዲያና ከከምባታ ስንት ቤት አንድ ልጁን በዚያ መንገድ ልኳል! በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጦ የሄደ ወንድም ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ሌባና ዘራፊ እየፈራ የሚልከው ገንዘብ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ወንድማችሁ በዚያው መንገድ አልፎ ነው የደረሰው። "ለጥርሴ ላክልኝ" ስትሉት ይልክላችሁ ይሆናል፤ ወንድም እምቢ ማለት አይሆንለትም። ግን የተሻለ እንድትታዩ የሚከፍለው እሱ ነው፤ በምን እንደሚከፍልም ታውቃላችሁ። በወለድ ተበድሮ ለመሄድ ማሰብን ምንም አልልም፤ ሪባ ነው፣ አለቀ።

እሺ፣ ጉድለቱ እውነተኛ ሆነ፣ ገንዘቡም ሐላል ሆነ እንበል። ጥያቄው እዚያ ያበቃል? አንድ ሌላ ሐዲስ አለ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከበኒ ኢስራኢል የሆኑ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ለምጻም፣ አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ ዐይነ ስውር። አላህ መልአክ ላከባቸው። መልአኩ እያንዳንዱን ምን እንደሚወድ ጠየቀው። ለምጻሙ መልካም ቆዳ፣ ራሰ በራው መልካም ፀጉር፣ ዐይነ ስውሩ ብርሃኑን አሉ። ዳበሳቸው፤ ተሰጣቸው። ግመል፣ ላምና በግም ተሰጥቷቸው ሀብታቸው ሸለቆ ሞላ።

ፀጉር ማስተከልን የፈቀዱ ዑለማዎች ይህን ሐዲስ እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ፤ ራሰ በራው ፀጉር በመፈለጉ አልተወቀሰምና። ወጣቶች ይህችን ክፍል በደንብ ይይዟታል። የሐዲሱ ፈተና ግን ከዚያ በኋላ ነው። መልአኩ ተመልሶ መጣ፤ ወደ እያንዳንዳቸው ሲመጣ ያን ሰው በድሮ መልኩ መስሎ ነው። ወደ ለምጻሙ እንደ ለምጻም፣ ወደ ራሰ በራው እንደ ራሰ በራ፣ ስንቁ ያለቀበት ድሃ መንገደኛ ሆኖ። "ያንን ቆዳ በሰጠህ ጌታ ይሁንብህ፣ አንድ ግመል" አለው። ለምጻሙ ብዙ ወጪ አለብኝ ብሎ መለሰው። ድሮ ሰው ይጸየፈው እንደነበር ሲያስታውሰው ሀብቱን ከአባት ከአያት የወረሰው ነው ብሎ ካደ። ራሰ በራውም ያንኑ ደገመ። ዐይነ ስውሩ ብቻ የፈለግኸውን ውሰድ፣ የፈለግኸውን ተው አለ።

ሁለቱ የተያዙት በመፈወሳቸው አይደለም። የድሮ መልካቸው በራቸው ላይ ሲቆም አላወቁትም፤ ወይም አውቀው ፊታቸውን አዞሩ።

ጥርስህን ያሳከምክ ወንድሜ፣ ያን ውሃ የጠጣኸው አንተ ብቻ አይደለህም። ጉድጓዱ ዛሬም እየተቀዳ ነው፤ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ እህቶችህና ወንድሞችህ ከዚያው ይጠጣሉ። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ ለሕፃናት ማጠራቀም ይቻላል። ከደጋው ምንጭ በቧንቧ ማውረድ ይቻላል። ከአጥንት ከሰል በሚሠራ ማጣሪያ ፍሎራይዱን መቀነስ ይቻላል። አንዱ በቤት ደረጃ ነው፣ ሌላው የመስጂድ ጀማዓ ተሰብስቦ ከውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር የሚነጋገርበት ነው። ሶደቃ ስንል ውሃ ቀድሞ ትዝ የሚለን እኛ አይደለንም እንዴ? "ጉድጓድ አስቆፈርን" ብለን ፎቶ ስንለጥፍ ውሃው ተለክቶ እንደሆነ ጠይቀናል?

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ቁሊቶ መናኸሪያ የምታልፉ ካላችሁ፣ ኦቾሎኒ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ታገኛላችሁ። ስታናግሯት ትስቃለች፣ ወዲያው አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች። ስንት ዓመቷ እንደሆነና ቤታቸው ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠይቋት።

ጁሙዓ ሙባረክ።