ጥሪን ማን ይሰማል?

በአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰው ሴሚናሪ ስለጨረሰ ብቻ ቄስ አይሆንም። ዕብራይስጥና ግሪክ ተምሮ፣ የሥነ መለኮት ፈተናዎቹን ሁሉ አልፎ፣ በሆስፒታል ከበሽተኞች አልጋ አጠገብ ሠልጥኖም ቢሆን፣ «ና፣ አገልግለን» የሚለው ማኅበረ ምእመናን ወይም ፕሬስቢተሪው፣ ማለትም የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ቄሶችና ሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ያመነበት ሌላ የአገልግሎት ቦታ እስኪገኝ ድረስ እጅ አይጫንበትም። ይጠብቃል። ምእመናኑ ድምፅ ሰጥተው ከመረጡትም በኋላ ፕሬስቢተሪው እምነቱን መርምሮ ካላጸደቀው ምርጫው አይጸናም።

እኔ ይህን መንገድ ጨርሼ በቅርቡ የተሾምኩ አዲስ አገልጋይ ነኝ። በጥበቃው ጊዜ ያደረብኝ ጥያቄ እጅ ከተጫነብኝም በኋላ አልለቀቀኝም። የጠራኝ እግዚአብሔር ከሆነ የሰዎች ይሁንታ ለምን አስፈለገ? ሰዎች ካልፈቀዱ የማይጸና ከሆነስ፣ «እግዚአብሔር ጠራኝ» ስል ምን ማለቴ ነው?

አብዛኞቻችን ጥሪን በልብ ውስጥ እንደሚያድር እርግጠኝነት አድርገን እናስባለን። «ጌታ ተናገረኝ» ያለ ሰው ፊት ክርክር ይቆማል፤ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? ነገር ግን እርግጠኛ መሆንና ትክክል መሆን ይለያያሉ። የተሳሳተውም ሰው ትክክል የሆነውን ያህል እርግጠኛ ነው፤ ስሕተትን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ምኞት፣ የቤተሰብ ጉጉት፣ የመከበር ፍላጎት፣ ከሌላ ሕይወት ለመሸሽ መፈለግ፣ ሁሉም በውስጣችን የሚናገሩት በእኛው ድምፅ ነው። ሰው ስለ ራሱ ጥሪ ብቻውን ሲፈርድ ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ የሆኑበት ችሎት ላይ ይቀመጣል። ከእንዲህ ያለ ችሎት ፍትሕ አይጠበቅም።

የሳሙኤልን ታሪክ በዚህ ዐይን ሳነበው የሚገርመኝ ነገር አለ። ብላቴናው በሌሊት ስሙ ሲጠራ ሰማ፤ የጠራው ግን ዔሊ መሰለው። ደጋግሞ ተነሥቶ ወደ ሽማግሌው ሮጠ። ዔሊ ምንም አልሰማም። ዐይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹን መግታት ያቃተው፣ ቤቱ ሊፈርስ የተቃረበ ካህን ነው። ሆኖም የጠራው ማን እንደሆነ የገባው እሱ ነው። የሰማው ልጅ አላወቀም፤ ያወቀው ሽማግሌ አልሰማም። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሳሙኤል ተመልሶ ይተኛ ነበር። እግዚአብሔር ለልጁ ከመጀመሪያው ማንነቱን መግለጥ አያቅተውም፤ ግን አንዱ የሰማውን ሌላው እንዲለይለት ፈቀደ። ያውም በደከመ ሰው በኩል።

የተሐድሶ መሪ የነበረው ዣን ካልቪን በታላቁ የሥነ መለኮት መጽሐፉ ይህንን ሁለትነት በግልጽ አስቀምጦታል። አገልጋይ በእግዚአብሔር ፊት የሚያውቀው የተሰወረ ጥሪ አለው፤ ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ የምትሰጠው ጥሪም አለ። የራሱ ሕይወት ግን ከዚህ ትምህርት ይልቅ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1536 ጄኔቫ የገባው ለአንድ ሌሊት አድሮ ሊያልፍ ነበር፤ የሚፈልገው ጸጥ ያለ የጥናት ኑሮ ነው። ጊዮም ፋሬል የሚባለው ሰባኪ ካልቪን በከተማዋ መኖሩን ሰምቶ መጣና እንዲቀር ለመነው። ልመናው አልሆን ሲለው፣ እንዲህ ባለ የችግር ጊዜ ጥለኸን ብትሄድ እግዚአብሔር ዕረፍትህን ይርገመው አለው። ካልቪን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1557 የመዝሙር ትርጓሜውን መቅድም ሲጽፍ፣ ያ ቃል እንዴት እንዳስደነገጠው አስታውሶ ተርኮታል። በስኮትላንድም ሌላው የተሐድሶ መሪ ጆን ኖክስ በ1547 በሴንት አንድሩስ ግንብ ውስጥ ሳለ፣ ሰባኪው ጆን ራፍ በጉባኤው ፊት ስሙን ጠርቶ ይህን አገልግሎት እንዳትሸሽ ብሎ አዘዘው። ኖክስ አንዲት ቃል ሳይመልስ እንባ ተናንቆት ወደ ክፍሉ ሄደ።

እነዚህ ሰዎች ጥሪያቸውን ይዘው ወደ ጉባኤ አልሄዱም። ጉባኤው ነው ይዞላቸው የመጣው። ይህን ሳይ ጥሪ የሚያድርበትን ስፍራ በተሳሳተ ቦታ ስንፈልግ እንደኖርን ይሰማኛል። ጥሪ በእኔ ልብ ብቻ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ስለ እኔ ይሆን ነበር። የውስጡ ድምፅ «አገልግል» ሊል ይችላል፤ ማንን የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። እሱን የሚናገሩት የሚጠሩት ሰዎች ናቸው። ከመሾሜ በፊት «የእግዚአብሔርን ሕዝብ እወዳለሁ» ማለት ቀላል ነበር። አሁን ሕዝቡ ስም አለው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምግብ አልበላ ያላት እናት፣ በርስት ጉዳይ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች፣ በስብከት መሀል ተነሥቶ የሚወጣ ወጣት ሆኗል። ፍቅር ለማን እንደሆነ እስኪያውቅ ድረስ ገና ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ጉባኤው ደንቆሮ ቢሆንስ? ሉዊዛ ዉዝሊ የተባለች የኬንታኪ ሴት እ.ኤ.አ. በ1889 በኩምበርላንድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ አንድ ፕሬስቢተሪ እጅ ተጭኖባት ተሾመች። ከበላይ ያሉት ጉባኤዎች ሴት መሾሟን ተቃወሙ፤ ሹመቷ ሲያከራክር ኖረ። ሌላው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ክፍል ማርጋሬት ታውነርን የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ አድርጎ የሾመው በ1956 ነው፤ ከዉዝሊ 67 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ መሀል ስንት ሴቶች በልባቸው የሰሙትን ይዘው፣ የሚያረጋግጥላቸው ሳያገኙ ሞቱ? የጉባኤ ይሁንታ የጥሪ ማረጋገጫ ነው ካልን፣ እነዚህ ሁሉ አልተጠሩም ልንል ነው። እኔ እንዲህ አልልም። ተጠርተው ነበር፤ የበደለችው ቤተ ክርስቲያን ናት።

ግን ይህ ታሪክ የውስጡ ድምፅ ብቻውን ይበቃል የሚለውንም አያረጋግጥም። ዉዝሊ ራሷን አልሾመችም። ብዙኃኑ ባይሰሙም አንዲት ትንሽ ፕሬስቢተሪ ሰምታታለች፤ ስብከቷን ሊሰሙ የሚሰበሰቡ ሰዎችም ሰምተዋታል፤ መስበኳንም አልተወችም። ጆሮ ያለው ሁልጊዜ ከላይ በተቀመጠው ዘንድ አይደለም። ስለዚህ ጉባኤ «አይሆንም» ሲል ቃሉ የመጨረሻ መሆን የለበትም፤ ሰውየው ከሚመረመረው ባላነሰ ጉባኤውም ራሱን መመርመር አለበት።

በአገራችን በኢትዮጵያ የፕሬስቢቴሪያን ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ሚስዮናዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን ተነሥቶ ወለጋ፣ ሳዮ ከገባ በኋላ በደምቢ ዶሎ የሚስዮን ሥራ ተጀመረ። በዚያ አካባቢ ጊዳዳ ሶለን የሚባል፣ በልጅነቱ ፈንጣጣ ዐይኑን ያጠፋበት፣ በልመና የሚኖር ልጅ ነበር። እጁን ለምጽዋት የዘረጋን ዐይነ ስውር አይቶ ነገ ብዙዎችን የሚመራ ቄስ ነው የሚል ማን ነው? ሳንቲም ጥሎለት የሚያልፈው እንኳ ደግ ነው ይባላል። ሆኖም አብረውት ያሉ ሰዎች ከዐይኑ መጥፋት አልፈው ሰውየውን አዩት። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝና ሚስዮናውያኑ ሲወጡ አብሮት ከሚያገለግለው ከማሞ ጮርቃ ጋር ሆኖ ምእመናኑን ያጸና እሱ ነው። ከዚያ ሥራ የተወለደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1947 ራሷን ችላ ቆመች፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

ስለ ዕለት ኑሮም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ጥሪ የቄሶች ብቻ ነው ማለት የተሐድሶ አባቶችን መካድ ነው። ሉተርም ካልቪንም ጫማ የሚሰፋው፣ ልጅ የምታሳድገው፣ ችሎት የሚያስችለው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ጥሪ እንዳለው አስተምረዋል። ትምህርቱ ውብ ነው፤ ያለ ጥንቃቄ ሲነገር ግን ሊጎዳ ይችላል። በቤይሩት ወይም በሪያድ ፓስፖርቷ ተነጥቆ፣ ዕረፍት ተከልክላ በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን «ሥራሽ ጥሪሽ ነው፣ ታገሺ» ማለት ጭካኔ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠሩት መከራከርም መሸሽም ችለዋል፤ ሙሴ አፌ ከባድ ነው ብሎ ተከራክሯል፣ ኤርምያስ ልጅ ነኝ ብሏል፣ ዮናስም በመርከብ ሸሽቷል። የሚጠራ አምላክ መልስ ይጠብቃል፤ እምቢ የማለት መንገድ በሌለበት ያለው ግዳጅ ነው። ለእህታችን የምናደርሰው የእግዚአብሔር ቃል ካለ፣ ነጻ ልትወጣ ይገባል የሚለው ነው።

የራሴ የሥራ ቀን ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ከሽማግሌዎች ጋር ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለ በጀት መነጋገር፣ ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ፣ ስልክ መደወል፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ነው። ጥሪ እንደ መብረቅ የሚወርድ ነገር ነው ብሎ የመጣ ሰው በዚህ ይሰለቻል። እኔ ግን ካልቪን ወደ ጄኔቫ የተመለሰበትን ቀን አስባለሁ። ከተማይቱ በ1538 አባርራው፣ በ1541 ለምና መለሰችው። መድረኩ ላይ ሲወጣ ሁሉም ወቀሳ ጠብቆ ነበር። እሱ ግን ከመባረሩ በፊት ያቆመበትን ክፍል ገልጦ ከዚያው ትርጓሜውን ቀጠለ። የካልቪንን ብዙ ነገር አልቀበልም፤ ስለዚያ ቀን ግን አከብረዋለሁ። ከስሜቱ ይልቅ ለሚሰሙት ሰዎች ቅድሚያ ሰጥቷል።

እንግዲህ እናንት አንባቢዎቼ፣ በጉባኤያችሁ፣ በክፍላችሁ፣ በጎረቤታችሁ የምታውቁትን ሰው ተመልከቱ። በአንዱ ላይ የማስተማር፣ በሌላዋ ላይ የተጣሉትን የማስታረቅ ጸጋ አይታችሁ ዝም ብላችሁ ከሆነ፣ ዝምታችሁ ጥሪውን ሊያዘገየው ይችላል። ያ ሰው በሌሊት የሰማውን ማን እንደተናገረው ሳያውቅ ወደ እናንተ እየሮጠ ይሆናል። ያያችሁትን ንገሩት። ሴት ስለሆነች፣ ድሃ ስለሆነ፣ አካሉ ስለጎደለ፣ ልጅ ስለሆነ አትለፉት። ሽማግሌዎችም በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከጣሪያውና ከበጀቱ በፊት «ማንን ሳንሰማ ቀረን?» ብላችሁ ጠይቁ።