ሐሺሽ «ቀላል»ና «ከባድ» አለውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሰውን በአዕምሮ ከፍጥረታቱ ሁሉ ላስበለጠው አላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ሻሸመኔንና ሐዋሳን አልፎ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዲላ ይገባል። ዲላ የጌዴኦ ዞን ከተማ ናት፤ ጌዴኦም የቡናና የእንሰት አገር ነው፤ ቡናን ከእንሰት፣ እንሰትን ከትልልቅ ዛፍ ጋር አዋዶ የሚያበቅለው ገበሬ መሬቱን እንዴት እንደያዘ ዓለም ዐይቶ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በቅርስነት መዝግቦለታል። በዚሁ አስፋልት ቡናው ይወጣል፣ ሸቀጡ ይገባል፣ ከየአገሩ የተመደበውም ተማሪ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። ካናቢስ በተነሳ ቁጥር ስሟ አብሮ የሚነሳው ሻሸመኔም በዚሁ መንገድ ላይ ናት፤ ከዲላ ያላት ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የዲላ፣ የወናጎና የይርጋ ጨፌ ወላጅ «ይህ ነገር የሌላ አገር ጣጣ ነው» ብሎ ሊተኛ አይችልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቀድሞው በጌምድር፣ ጣና ሐይቅ አቅራቢያ ከሚገኝ ላሊበላ ከተባለ ዋሻ (ከላስታው ላሊበላ ጋር አይምታታብን) በቁፋሮ በወጡ የጋያ ራሶች ላይ የካናቢስ ቅሪት እንደተገኘ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፈዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው ምዕተ ዓመት ይጠጋል። አዲስ የሆነው ከዕፁ ጋር የመጣው ወሬ ነው።

ወሬው ምንድን ነው? ወጣቱ በእጁ ባለው ስልክ የዓይነቶቹን ስም ይማራል። «ሳቲቫው ያነቃል፣ ኢንዲካው ያስተኛል» ይላል። «እኔ ቅጠሉን እንጂ ሐሺሹን አልነካም» የሚል አለ። «ይህ እኮ መጠጥ አይደለም፣ አላህ የፈጠረው ሳር ነው» የሚልም አለ። «ዓለም ፈቅዶታል» የሚለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህን የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ ኸምርን የሚጠላ፣ ጁምዓ የማያመልጠው ልጅ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ሐራምን ደፍሮ ሳይሆን፣ «ሐራም ያልሆነውን ዓይነት መርጫለሁ» ብሎ ነው የሚገባበት። እንግዲያው «ዝም በል፣ ሐራም ነው» ብሎ ከመገሠጽ በፊት ስለ ዓይነቶቹ የሚለው እውነት መሆን አለመሆኑን ማየት ይገባል።

ስሞቹን እናጣራ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «ካናቢስ ሳቲቫ» ብሎ ሰየመው። ፈረንሳዊው ላማርክ በ1785 ከሕንድ የመጣለትን ናሙና አይቶ «ካናቢስ ኢንዲካ» አለው። በ1924 ደግሞ አንድ የሩሲያ ተመራማሪ በየሜዳው የሚበቅለውን ድንክዬ «ሩደራሊስ» ብሎ ጨመረበት። እነዚህ ሦስት ዝርያዎች ይሁኑ ወይስ የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ መልኮች፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በገበያ ላይ «ሳቲቫ» ወይም «ኢንዲካ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በላቦራቶሪ ሲመረመር ስሙና በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አይገጣጠሙም። ከተዳቀለ ብዙ ዘመኑ ነው። በሻሻ ወረቀት ተጠቅልሎ በእጅ የሚሸጠውንማ ሻጩም ምን እንደሆነ አያውቀውም።

የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲ.ኤች.ሲ. ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ሜቹላምና ጋኦኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት። ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገር አያሰክርም። በአንዳንድ አገር ለቃጫና ለዘይት የሚዘራው ተክል ያው ካናቢስ ሆኖ ቲ.ኤች.ሲ.ው እጅግ ጥቂት ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ትልቁ ልዩነት በዝርያ ስም ሳይሆን በዚህ ንጥረ ነገር መጠንና በአዘገጃጀቱ ላይ ነው። የደረቀው ቅጠልና አበባ ጋንጃ ወይም ማሪዋና ይባላል። ከአበባው የሚሰበሰበውና የሚጠፈጠፈው ሙጫ በትክክለኛ ስሙ ሐሺሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከቅጠሉ ይበረታል። ከሁሉም የሚከፋው ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ነው። እኛ አገር ግን ሁሉንም በአንድነት «ሐሺሽ» እንላለን፤ ቃሉ በዐረብኛ ሣር ማለት ነውና «ሳር ነው» ባዩ ወጣት ሳያውቀው ዐረብኛ እየተረጎመ ነው።

«ዕፀ ፋሪስ» የሚለው ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጋዜጣና በወሬ ካናቢስን ለማለት ይነገራል፤ ነገር ግን በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻው ላይ የሚበቅለው፣ ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግርም በዚሁ ስም ይጠራል። አስተናግር ካናቢስ አይደለም፣ ዘመዱም አይደለም። መርዝ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ዐይን ያፈዛል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ሊገድልም ይችላል። በስም ተሳስቶ ይህን የቀመሰ ልጅ በአፋጣኝ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። በባሕር ማዶ «ስፓይስ» እየተባለ የሚሸጠውም እንዲሁ ካናቢስ ሳይሆን በደረቅ ቅጠል ላይ የተረጨ ኬሚካል ነው፤ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

«ቅጠሉ ቀላል ነው» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። በአሜሪካ ፖሊስ ይዞ ባስመረመረው ማሪዋና ውስጥ የነበረው ቲ.ኤች.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። የዛሬ 30 ዓመት አንድ ሰው «አጭሼ ምንም አልሆንኩም» ቢል፣ የዛሬው ልጅ የሚያጨሰው እርሱ ያጨሰውን ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሸሪዓው እንምጣ። የዓይነት ብዛት ጥያቄ ለዲናችን አዲስ ነውን? አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ.) በሚንበር ላይ ቆመው ኸምር በተከለከለ ጊዜ ከአምስት ነገር ይሠራ እንደነበር ዘረዘሩ፦ ከወይን፣ ከተምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ። ከዚያም ዝርዝሩን ትተው ኸምር ማለት አዕምሮን የሚጋርድ ነገር ሁሉ እንደሆነ ተናገሩ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ወይን አላህ የፈጠረው አይደለምን? ማርስ? አቡ ሙሳ (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላኩ፣ በዚያ ከማርና ከገብስ ስለሚጠመቁ ሁለት መጠጦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። የኛ ጠጅና ጠላ ዘመዶች ናቸው ማለት ይቻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የትኛው ይከብዳል፣ የትኛው ይቀላል አላሉም፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው የሚል አጠቃላይ መልስ ሰጡ። ብዙው የሚያሰክር ከሆነ ጥቂቱም ሐራም መሆኑን፣ ከኡመታቸውም ኸምርን ሌላ ስም እያወጡለት የሚጠጡ እንደሚመጡም አስተምረዋል።

ሐሺሽ በሙስሊሙ ዓለም በስፋት የታየው ከ6ኛው ምዕተ ዓመት ሂጅራ መጨረሻ ወዲህ፣ ከታታሮች መነሳት ጋር እንደሆነ ኢብን ተይሚያ ጽፈዋል፤ ፍርዱንም እንደ ኸምር አድርገውታል። የማሊኪው ሊቅ አል-ቀራፊ ደግሞ አዕምሮን የሚነኩ ነገሮችን በሦስት ከፈሏቸው፦ የሚያሰክር፣ አዕምሮን የሚያበላሽና የሚያስተኛ። ሐሺሽን በሁለተኛው ውስጥ አስገቡት፤ ምክንያታቸውም የኸምር ሰካራም ይደፋፈራል፣ ይደሰታል፤ ሐሺሽ ግን በሰውየው ውስጥ የተደበቀውን ጠባይ ያወጣዋል፣ አንዱን ያስለቅሰዋል፣ አንዱን ዝም ያሰኘዋል የሚል ነበር። ልብ በሉ! ዛሬ ወጣቱ «አንዱ ያነቃል፣ አንዱ ያስተኛል» የሚለውን እኚህ ሊቅ ከ700 ዓመት በፊት አይተውታል፤ ልዩነቱን ግን በቅጠሉ ሳይሆን በሰውየው ላይ ነው ያገኙት። ሁለቱ ሊቃውንት የተለያዩት ቅጣቱ የኸምር ሐድ ይሁን ወይስ ዳኛው የሚወስነው ተዕዚር፣ ነጃሳስ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነው። ሐራም መሆኑ ላይ አልተለያዩም።

ወደ ሰላት ስንመጣ የአወሳሰዱ ልዩነት ራሱ ፊት ለፊት ይገጥመናል። ቁርኣን አማኞች የሚሉትን እስኪያውቁ ድረስ በስካር ላይ ሆነው ወደ ሰላት እንዳይቀርቡ ከልክሏል። የተጨሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይዞ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። የተበላው ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሳይታወቅ ይዘገይና፣ ልጁ «አልያዘኝም» ብሎ ይጨምርበታል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወርዶበት ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይይዘዋል። ከዙህር በኋላ የበላ ሰው ዐስርን፣ መግሪብን፣ ምናልባትም ዒሻን በዚያው ላይ ሆኖ ሊሰግድ ነው፤ የቀራውን ረክዓ ረስቶ። የቅርብ ጊዜ ትዝታ መጥፋት፣ የሰዓት ስሜት መዛባት፣ የእጅና የዐይን መዘግየት የዚህ ዕፅ የታወቁ ሥራዎች ናቸውና። በጠመዝማዛው የጌዴኦ መንገድ መሪ የጨበጠ የባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆንስ?

ያጨሰ ሁሉ ያብዳል ብለን አንሰብክም። እንዲህ የሚል ኡስታዝ፣ ወጣቱ ጓደኛው ሳያብድ ባየ ጊዜ፣ ሌላው ቃሉም ይወድቅበታል። እውነቱ በቂ ነው። በስዊድን ከ45,000 በላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን ለ15 ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ጥናት ካናቢስን ከ50 ጊዜ በላይ የወሰዱት ስኪዞፍሬንያ በተባለው የአዕምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። በአውሮፓ ከተሞችና በብራዚል ተሠርቶ በ2019 የወጣው ደግሞ ብርቱውን ዓይነት በየቀኑ የሚወስዱት ለአዕምሮ መቃወስ ያላቸው ተጋላጭነት ከማይወስዱት ወደ 5 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። በልጅነት መጀመርና በቤተሰብ የአዕምሮ ሕመም መኖር አደጋውን ያከብዱታል። ከአሥር ተጠቃሚ አንዱ ገደማ ደግሞ ማቆም ያቅተዋል። ከነዚህ ውስጥ የኔ ልጅ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

«ዓለም ፈቅዶታል» ለሚለው፦ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አውጥቶታል፤ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርዝር ግን አላወጣውም። ምክንያቱ የሕክምና ጥቅም ነው። በሲ.ቢ.ዲ. የተሠራ መድኃኒት ለብርቱ የሕፃናት የሚጥል በሽታ በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ታማኝ ሐኪም መጥኖ የሚያዝዘው መድኃኒት የዶሩራ በር አለው፤ የጫት ቤት ጥግ ግን ሆስፒታል አይደለም። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማምረቱንም፣ ማዘዋወሩንም፣ መጠቀሙንም ወንጀል አድርጎታል።

የጫት ቤት ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጫት ዑለሞች ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ለብቻው ኪታብ ጽፈውበታል፤ ያን ክርክር እዚህ አልከፍትም። ነገር ግን ልጅ ወደ ሐሺሽ የሚሄደው ከሰማይ ወድቆ አይደለም። በርጫ ይቀመጣል፣ ሺሻው ይመጣል፣ ምርቃናውን ለመስበር አንዱ ጨብሲ ሲሄድ «እኔ አልጠጣም» ያለው ሙስሊም ልጅ ጋንጃው ይቀርብለታል። አባትየው በሌላ ክፍል እየቃመ ከሆነ ልጁን በምን አንደበት ይጠራዋል?

የሚነግዱትም «እኔ አላጨስም» ሊሉ አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኸምር ነገር የረገሙት ጠጪውን ብቻ አይደለም፤ ጨማቂው፣ ተሸካሚው፣ ሻጩና ዋጋውን የበላው ሁሉ አብረው ተቆጥረዋል። በቡና መሐል አንድ ሁለት እግር የሚተክል፣ ለሁለት መቶ ብር ብሎ ጥቅል የሚያደርስ ልጅ ከዚህ ውጭ አይደለም።

የተያዘውን ልጅ ግን ምን እናድርገው? ከመስጂድ ማባረር ቀላሉ ነገር ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ጠጥቶ የተቀጣን ሰው አንዳንዶች ሲራገሙበት፣ በወንድማቸው ላይ ሸይጧንን እንዳያግዙ ከልክለዋቸዋል። በየቀኑ ይወስድ የነበረ ሰው ሲያቆም ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋዋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። እናት ይህን ካላወቀች «ባሰበት፣ ጂን ያዘው» ብላ ትደነግጣለች። ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ድምፅ ከሰማ፣ «ይከታተሉኛል» ካለ፣ ወይም ራሱን ሊጎዳ ከቃጣው ግን በዲላ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባም አማኑኤል ሆስፒታል አለና ሳይውል ሳያድር ይወሰድ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ጀማዓው ሊሠራ የሚችለው ሥራ አለ፦ ሁለት ሦስት እኩዮቹ ተፈራርቀው ከመግሪብ እስከ ዒሻ አብረውት ይቀመጡ፤ የድሮ ጓደኞቹ ስልክ የሚደውሉት በዚያች ሰዓት ነው።