ስም ከየት ሆነው ሲጠሩት

ስም ባለቤቱ ዘንድ በራሱ ኃይል ይደርሳል? ፕላቶን «ክራጢሎስ» በተባለው ድርሰቱ ስም ከነገሩ ባሕርይ ይወጣል ወይስ በስምምነት ይሰጣል ብሎ ያከራክራል። ክርክሩ በአመዛኙ ስም ሰጪው ላይ ያተኮረ ነው። የእኔ አቋም ግን ስም ያለ ጠሪው ቦታ ማንንም አይጠራም የሚል ነው፤ ማስረጃዬንም የማመጣው ፈላስፎች ከማይደርሱበት ሰፈር፣ ጄኤንዲአይ ከሚባለው የጃቫ የስምና የማውጫ አገልግሎት ነው።

ዳታቤዝ የሚፈልግ የጃቫ ፕሮግራም ስም ይጠራል፤ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሰርቨርም በዚያ ስም የተመዘገበውን ኦብጀክት ያቀብለዋል። ካጣው «ኔም ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን» ይላል። ጀማሪ ይህን ሲያይ «የለም ማለት ነው» ብሎ እንደ አዲስ ሊመዘግብ ይነሣል። ኦብጀክቱ ግን ብዙ ጊዜ አለ። ቶምካት በሚባለው የጃቫ ሰርቨር ላይ፣ በጋራው ክፍል የተመዘገበ ዳታሶርስ (የዳታቤዝ መገናኛ)፣ «ሪሶርስ ሊንክ» ካላገናኘው በቀር ለአፕሊኬሽኑ አይታይም። ከሁሉ የሚደንቀው የትሬድ፣ ማለትም ኮዱ የሚሮጥበት የሥራ ክር፣ ነገር ነው። ያው የኮድ መስመር ያንኑ ስም ሰርቨሩ በሚያስተዳድረው ትሬድ ላይ ሆኖ ሲጠራ ያገኛል፤ ፕሮግራመሩ በራሱ ባስነሣው ትሬድ ላይ ሲሆን ግን ሊያጣ ይችላል፤ የትኛው አፕሊኬሽን እንደጠራ ሰርቨሩ ላያውቅ ይችላልና። ስሙም ኦብጀክቱም እንደነበሩ ናቸው፤ የተለወጠው ጠሪው ያለበት ቦታ ነው። በቤት ስሙ ብቻ የምናውቀውን ሰው ቀበሌ ሄደን ብንጠይቅና «እንዲህ የሚባል የለም» ቢሉን፣ ለቅሶ አንቀመጥም። የጄኤንዲአይ ስሕተት ራሱም፣ የሚያነበው ካገኘ፣ ስሙ እስከ የት እንደተፈታና የቱ ክፍል እንደቀረ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አንዳንዴ በእርግጥ የለም እኮ፣ የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ምዝገባው ከሽፎ ይሆናል። ነገር ግን የሌለውም የማይታየውም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። አለመኖርን ማረጋገጥ የሚቻለው ማውጫውን ከፍቶ የተመዘገበውን በመዘርዘር እንጂ ደጋግሞ በመጥራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጃቫ ኢኢ 6 ጋር የመጣው «ጃቫ ግሎባል» የሚለው መነሻም ክርክሩን አይዘጋውም፤ ግሎባል የተባለው ዓለም አፕሊኬሽኖቹ የተጫኑበት ሰርቨር ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የፈላስፋው የሶል ክሪፕኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሰጣቸው ንግግሮች ስም ባለቤቱን የሚያገኘው በመግለጫ ሳይሆን ከመጀመሪያው ስያሜ ጀምሮ በተናጋሪዎች ሰንሰለት ሲተላለፍ ነው አለ። ግማሹን ጄኤንዲአይ ይመሰክርለታል፤ ጠሪው የጠበቀው ዓይነት ሆነም አልሆነ በስሙ የተመዘገበው ይመጣል፤ ዓይነቱ ካልገጠመ «ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን» የሚከተለው ከተገኘ በኋላ ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱ ራሱ ቦታ ነው፤ ከሰንሰለቱ ውጭ ያለ ሰው የያዘው የስሙን ድምፅ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የታወቀው የሎግ ፎር ጄ፣ የጃቫ ፕሮግራሞች መዝገብ መጻፊያ፣ ቀዳዳም የጠሪው ቦታ ወሳኝ መሆኑን ከተቃራኒው በኩል ያሳያል። ሎግ ፎር ጄ መዝገብ ላይ ሊጽፈው በተቀበለው የእንግዳ ጽሑፍ ውስጥ የጥሪ ምልክት ካገኘ፣ ያንን እንደ ስም ቆጥሮ ከሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ በጄኤንዲአይ ይጠራው ነበር፤ ስሙ ወደ አጥቂው ሰርቨር ሲመራ እዚያም ሄዶ ይፈልግ ነበር። አደጋው የመጣው ስም በመጥፋቱ ሳይሆን በመገኘቱ ነው። በ2.16 እትም ጄኤንዲአይ ሆን ተብሎ ካልተከፈተ በቀር ዝግ እንዲሆን ተደረገ።