የሌላ ሰው መጥበሻ

የድሬዳዋ ጥብስ የማታ ነው። ቀን ሙቀቱ አያስበላም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ከሰል ይቀጣጠላል፤ በከዚራ ዛፎች ሥር፣ በመጋላ ጠባብ መንገዶች፣ በሳቢያን አዳዲስ ቤቶች ደጅ ወንበር ይወጣል። ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት ግን ቀና ብሎ በሩን ያያል፤ መስቀል ነው ወይስ ጨረቃ? በሬው ከአንድ ገበያ የተገዛ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በሥላሴ ስም ተባርኮ ታርዷል፤ ሌላው ወደ ቂብላ ዞሮ ቢስሚላህ ተብሎበታል። ሁለቱም ቤት ደም አይበላም፣ ሞቶ የተገኘ አያስገባም፣ ዐሣማ አያውቅም። ግመሉን ከተውነው፣ በበሬና በፍየል ያለው ልዩነት ቢላዋው ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ የተጠራው ስም ነው።

እኔ ከምድር ባቡሩ ወርክሾፕ በጡረታ የወጣሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጓደኛዬ የመጋላ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። አንድ ሞተር ላይ አብረን ጎንበስ ቀና ስንል አርጅተናል፤ እኔ ልጆቹን ድሬያለሁ፣ እሱ እናቴን ቀብሮልኛል። ሥጋ ግን ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም።

የወንድሜ ልጅ ይህ ነገር አይዋጥለትም። «እግዚአብሔር አንድ ነው ትላላችሁ፣ ማዕዳችሁ ግን ሁለት ነው» ይለናል። ጥያቄው መጽሐፍም ይደግፈዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ሳይመረምሩ መብላት እንደሚቻል ነግሯቸዋል። ቁርኣንም በአምስተኛው ምዕራፍ አምስተኛ አንቀጽ፣ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሕዝቦች ምግብ ለሙስሊሙ፣ የሙስሊሙም ለእነሱ እንደተፈቀደ ይናገራል። ታዲያ እኛ አገር ሁለቱም ወገን ለምን እምቢ አለ?

መልሱን ከመጻሕፍቱ ይልቅ በታሪካችን ውስጥ ነው የማገኘው። እዚህ አገር ሥጋ የሃይማኖት መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት እምነቱን ለውጦ የነበረ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መጽሐፈ ቄደር እየተነበበለት ይጠመቅ ነበር፤ የሌላውን ሃይማኖት ሥጋ የበላ ክርስቲያንም ቄደር ሲጠመቅ ኖሯል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ ደግሞ፣ ለሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ መብላት ማለት ሃይማኖቱን በአደባባይ መካድ ነበር። አያቶቻችን ከሌላው ሥጋ የሸሹት ማንነታቸው እንዳይወሰድባቸው ፈርተው ነው።

ይህን ስነግረው የወንድሜ ልጅ «ዛሬስ ማን ያስገድዳችኋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አያስገድደንም። ስለዚህ ሥርዓቱን ዛሬም የምንጠብቅ ከሆነ ከፍርሃት የተሻለ ምክንያት ሊኖረን ይገባል። እኔ ያንን ምክንያት ያገኘሁት አንዲት ጥብስ ቤት እጅ መታጠቢያ አጠገብ ነው።

ቤቷ ከዚራ ውስጥ ናት፤ በሯ ላይ መስቀል አለ። ጓደኛዬ እዚያ ሲመጣ የሚያዘው ዓሣ ነው፤ ዓሣ አራጅ አይፈልግም። እኔ ዘልዘል ጥብስ ከአዋዜ ጋር አዛለሁ። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ልታጠብ ስነሳ የማድ ቤቱ በር ክፍት ነው። ወጥ ቤቷ ብቻዋን ሁለት ምድጃ ላይ ጥብስ ታገላብጣለች። አንዱ መጥበሻ ሥጋው ወጥቶለት፣ ባዶውን ግሎ ይጨሳል። አስተናጋጁ «ኧረ የዓሣው ይድረስ፣ ሰውየው ቆዩ!» ብሎ ጮኸባት። ዓሣውን እዚያው የጋለው መጥበሻ ላይ ጣል ብታደርገው ማንም አያያትም። እሷ ግን በርጩማ ሳበች፤ ወጣችና ከግድግዳው ሚስማር ላይ እጀታው አረንጓዴ ክር የታሰረበትን መጥበሻ አወረደች። ከሌላ ጠርሙስ ዘይት ጨመረች። ቢላዋዋን አስቀምጣ ሌላ ቢላዋ አነሳች። ከዚያ የቀዘቀዘው መጥበሻ እስኪግል ቆማ ጠበቀች፤ አስተናጋጁ እየጮኸባት። አንገቷ ላይ ማተብ አለ።

«መጥበሻውን ለምን ቀየርሽው?» አልኳት።

«የሰው ሃይማኖት አይደል እንዴ ጋሼ!» ብላኝ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ከዚያ ማታ ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እሷን ማን አዘዛት? ሕጉ የሷ አይደለም፤ በእሷ እምነት ያ የጋለ መጥበሻ ዓሣውን ምንም አያደርገውም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ስለ አንድ ባለ ሱቅ ያነሳል። ባለ ሱቁ ዋጋ የማያውቅ ገዢ ሲመጣበት አያታልልም፤ ይህን የሚያደርገው ለገበያው ሲል ከሆነ ግን ሥራው ትክክል ቢሆንም ምግባር ተብሎ አይቆጠርለትም ይላል ካንት። የጥብስ ቤቱ ባለቤት ደንበኛ እንዳይሸሸው ይጠነቀቅ ይሆናል። ወጥ ቤቷ ግን የወር ደመወዝተኛ ናት፤ ጓደኛዬ ከየትኛውም መጥበሻ ቢበላ አያውቅም፣ እሷም አምስት ሳንቲም አታጣም፣ አታገኝም። ሆኖም ካንትም እስከ መጨረሻው አያደርሰኝም። የካንት ሰው የሚታዘዘው አእምሮው ተቀብሎ ለራሱ ለሠራው ሕግ ነው። እሷ የጠበቀችው እሷ የማታምንበትን፣ ሌላ ሰው የሚያምንበትን ሕግ ነው።

የሚያደርሰኝ ጳውሎስ ነው። የወንድሜን ልጅ ጥያቄ የሚደግፈው ግማሹ ነው። ሐዋርያው ሳትመረምሩ ብሉ ካለ በኋላ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ልጓም ያበጅለታል፤ አንድ ሰው ይህ የተሠዋ ነው ብሎ ካስታወቀህ ለእሱ ስትል ተወው ይላል፤ ሕሊና ሲልም የበላተኛውን ሳይሆን የዚያን የሌላውን ሰው ማለቱ እንደሆነ ለይቶ ያስረዳል። ነጻነቱን ሰጥቶ፣ ወዲያው ለሌላው ሕሊና ሲባል እንዲተው ይጠይቃል።

ያየሁትን ለጓደኛዬ ስነግረው አልተገረመም። «አቦ፣ እኔ መች ጠርጥሬያት አውቃለሁ! አማና ነው። ብታታልለኝ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ እኔ ቢስሚላህ ብዬ በላሁ» አለ። ቀጥሎ የጂብሪልን ሐዲስ አነሳልኝ፤ ኢሕሳን ማለት አላህን እንደምታየው ሆነህ ማምለክ ነው፣ አንተ ባታየው እንኳ እሱ ያይሃልና። «ይህቺ ሴት ኢሕሳንን ይዛለች» አለኝ።

እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ በዚያ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት የተደረገው አምልኮ ነው። የራሴን ጾም ስጠብቅ ለነፍሴም ፈርቼ ነው፣ ሰው ምን ይለኛልም አለበት። የሌላውን ሕግ በስውር ስጠብቅለት ግን ለእኔ የሚተርፍ ነገር የለም። የሚቀረው እግዚአብሔርና ያ ሰው ብቻ ነው።

መጋላም እንደዚሁ ነው። ጓደኛዬ የሚወዳት የሐኒድ ቤት አለች፤ እሱ ፍየሉን ከሩዝና ከቢስባስ ጋር ሲያወርደው እኔ ፉል እበላለሁ። ባለቤቱ ረቡዕና ዓርብ ሳልነግረው ቅቤውንና እንቁላሉን ይተውልኛል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተጓዦች ከተማዋን ሲሞሏት ጾመ ነቢያት መሆኑን ያውቃል፤ ቅቤ ያልነካው ድስት አስቀድሞ ይለያል። በቅርብ ዓመታት ረመዳንና ሁዳዴ በተደረቡ ጊዜ ከመግሪብ በኋላ እሱ ለደንበኞቹ ሥጋ እያቀረበ፣ ለእኔ ፉሉን በዘይት ሲያመጣልኝ «አባባ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?» እያለ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አልበላም ማለትና ርኩስ ነው ማለት አንድ አይደሉም። በልጅነታችን የሌላውን ሥጋ እንደ ጥንብ አድርገው የነገሩን ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እነዚህ ሃይማኖት ጠበቁ አልልም። ጓደኛዬ ቢስሚላህ ብሎ ያረደው ፍየል የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ የተጠራበትም የፈጣሪ ስም ነው። እኔ የማልበላው በአባቶቼ ሥርዓት ስለታሰርኩ ነው፤ ማሰሪያው በእኔ ላይ ነው እንጂ በፍየሉ ላይ ነውር አያመጣም።

አሁን የሚያሳስቡኝ በሳቢያን በኩል የተከፈቱት የወጣት ቤቶች ናቸው። በራቸው ላይ መስቀልም ጨረቃም የለም፤ በርገር፣ ጥብስ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሁሉም ከአንድ ፍርግርግ ብረት ላይ ይነሳል። ባለፈው ከጓደኛዬ ጋር ከአንዱ ገባን። ሥጋው የማን ነው ብለን ስንጠይቅ አስተናጋጁ «ለሁሉም ይሆናል» አለን። ጓደኛዬ ሻይ ብቻ አዘዘ፤ እኔም ሻይ አዘዝኩ። ስንወጣ ባለቤቱን፣ የልጄ እኩያ ነው፣ ለብቻው አነጋገርኩት። «ጋሼ፣ ካላወቀ ምን ይጎዳዋል?» አለኝ።

«እሱንስ አይጎዳውም» አልኩት። «ያላወቀውን ሰው የእሱም መጽሐፍ የእኔም መጽሐፍ አይጠይቁትም። የሚጠየቀው ያወቀው አንተ ነህ። ካልቻልክ አንችልም በል፣ ሻይ ጠጥተን እንሄዳለን።»

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ አዳመጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሥጋው ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደተገዛ ለሚጠይቅ ሁሉ አስተናጋጆቹ እንዲናገሩ አዟል። ፍርግርጉን ግን እስካሁን አልለየም።