በባሕር ዳር መንገድ ስለሚገኘው ደስታ

በአገራችን አንድ ሰው ረዥም መንገድ በእግሩ ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ፣ ያገኘው ሁሉ «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ሙግት ወይም ወደ ንግሥ መሆኑን ይመልሳል። ጉዳይ ሳይኖረው ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የሚውል ግን ወይ አእምሮው የታወከ ነው ይባላል፣ ወይም በነገር ይጠረጠራል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ለመሄድ ብቻ የሚሄዱበት መንገድ አለ። ይኸውም በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ከማይንሄድ ከተማ ተነሥቶ፣ ባሕሩን እየተከተለ እስከ ፑል ወደብ መግቢያ ድረስ የሚዘልቀው፣ ርዝመቱ 1,014 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የእግር መንገድ ነው።

ይህ መንገድ በመጀመሪያ የደስታ መንገድ አልነበረም። በ1822 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የጠረፍ ጥበቃ፣ ሻይና አረቄ፣ ትምባሆም ያለ ቀረጥ በሌሊት የሚያስገቡትን ሰዎች ለመያዝ ዘበኞቹን በባሕሩ ዳር ያመላልስ ነበር። ዘበኛው ባሕሩ ወደ ምድር ገብቶ የተሸሸገበትን ስፍራ ሁሉ ቁልቁል ማየት ነበረበትና፣ መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ ቀረ። እንግዲህ የዛሬው ተጓዥ ቆሞ «እንዴት ያለ ውብ አገር ነው!» የሚልባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ፣ ባልንጀራን ለመጠርጠር የተመረጡ ነበሩ ማለት ነው። መንገዱ በሙሉ ለሕዝብ የተከፈተው በ1978 ነው።

እኔም በዚህ መንገድ አንድ ቀን ሄጃለሁ፤ ከፔንዲን መብራት ቤት እስከ ሰነን መንደር፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በርቀቱ ሳይሆን በመውጣቱና በመውረዱ ያደክማል። ማለዳው ብሩህ ነበር፤ ባሕሩ ከግራጫነት ወደ ሰማያዊነት ይለወጥ ነበር፤ በገደሉም ላይ መንቁሩና እግሩ ቀይ የሆነ ጥቁር ወፍ አየሁ። ይህ ወፍ ከኮርንዎል አውራጃ ጠፍቶ ኖሮ በ2001 ማንም ሳያመጣው ራሱ ተመልሶ መጥቶ ይራባል፤ በእኛም አገር በስሜን ተራሮች ይኖራልና፣ ባዕድ አገር ሳለሁ የአገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን የሌቫንት ማዕድን ከነበረበት ስፍራ ደረስሁ። ምድሩ ቀይና ባዶ ነው፤ ከመርዛሙ ፍርስራሽ የተነሣ ሣር እንኳ እንደ ልብ አይበቅልበትም። ከዚህ ስፍራ መዳብና ቆርቆሮ የተባለው ማዕድን ይወጣ ነበር፤ ዋሻዎቹም ከባሕሩ ወለል በታች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ይሄዱ ነበር። ሴቶችና ልጆች በላይ ሆነው ድንጋዩን በመዶሻ ይፈልጡ ነበር። ወንዶቹ በቀድሞው ጊዜ የቀኑን ሥራ ከጨረሱ በኋላ መሰላል ለመሰላል እየወጡ ነበር ብርሃንን የሚያዩት፤ ይህንንም ድካም ለማቅለል በ1857 አንድ መሣሪያ ተሠራላቸው። መሣሪያው በጕድጓዱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ረዥም የእንጨት ምሰሶ ነው። ሠራተኛው በምሰሶው ላይ ባለችው እርከን ሲቆም ከ3 ሜትር በላይ ያነሣዋል፤ ከዚያ በጕድጓዱ ግድግዳ ወዳለው መቆሚያ ይሻገራል፤ ምሰሶው ወርዶ ሲመለስም ሌላዪቱን እርከን ይረግጣል። ኦክቶበር 20 ቀን 1919 ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መሣሪያ ወደ ቤታቸው ሲወጡ፣ ምሰሶውን ከላይ የሚይዘው ብረት ተሰበረ፤ ምሰሶውም በጕድጓዱ ውስጥ ወደቀ። 31 ሰዎች ሞቱ። ስለ ርኅራኄ የተሠራው ነገር የሞት ምክንያት ሆነ።

ልቤን የያዘው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላው በሞተበት ስፍራ ላይ መደሰት በደል ነውን?

አንዳንዱ «በደል ነው፤ ቢያንስ ዝም ብሎና አዝኖ ማለፍ ይገባል» ይል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፍርድ ቢጸና በምድር ላይ እግራችንን የምናሳርፍበት አናገኝም፤ የምናርሰው እርሻ፣ የምንኖርበት ከተማ ሁሉ የቀደሙት የደከሙበትና የወደቁበት ነውና። ሌላውም «ሙታን በእኛ ሳቅ አይጎዱም፤ ያለፈው አልፏል» ይላል። ይህም ቢሆን አላሳረፈኝም፤ ያልተጎዳ ሰው ስለሌለ ብቻ አንድ ሥራ መልካም አይሆንምና፤ በኀዘን ቤት አጥር ሥር የሚዘፍን ሰው፣ ሐዘንተኞቹ ባይሰሙትም እንኳ ነውረኛ ነው።

ይህን እያወጣሁና እያወረድሁ ቦታላክ ደረስሁ። በዚያ ሁለት የድንጋይ ቤቶች፣ የጥንት የእንፋሎት ሞተሮች ማደሪያ የነበሩ፣ ማዕበል በሚመታው ገደል ላይ ተጣብቀው ይታያሉ። ከሩቅ ሲያዩአቸው ግንብ ወይም የፈረሰ ገዳም ይመስላሉ። ተጓዦችም ሥዕላቸውን ያነሣሉ፤ እኔም አነሣሁ። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ የ31ዱን ሰዎች ታሪክ ከሰማሁ በኋላ የባሕሩ ውበት አልቀነሰብኝም፤ እንዲያውም ጨመረ! ኀዘኔ ራሱ ለቀኑ እንደ ቅመም ሆኖልኝ ነበር። ሳያውቅ በሞቱበት ላይ የሚደሰት ሰው ባለማወቁ ይታለፋል፤ ዐውቆ የሰውን መከራ የደስታው ጌጥ የሚያደርግ ግን ምን ይባላል? እኔ የባሰው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እንባ የሚመስል ሆኖ ምንም ዋጋ አያስከፍልምና።

ጉልበቴም ያን ጊዜ ይታመም ነበር። ነገር ግን የእኔ ድካም በፈቃዴ የመጣ ነው፤ ባሰኘኝ ጊዜ መቀመጥ እችላለሁ፤ አውቶቡስም አለ። የማዕድን ሠራተኛው ድካም ከእንጀራው ጋር የታሰረ ስለ ነበረ፣ የእኔን ጉልበት ከእርሱ ጕልበት ጋር ማስተካከል አጉል ትሕትና ነው።

ሥዕል ያነሣሁበትን ስልክ ወደ ኪሴ ስመልስ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብሁ። በስልክ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚበየዱት በዚያው በቆርቆሮ ማዕድን ነው። የሌቫንት ጕድጓድ በ1930 ተዘጋ፤ ቆርቆሮ መቆፈር ግን አልቆመም፤ በኢንዶኔዥያ፣ በምያንማር፣ በኮንጎ ዛሬም ይቆፈራል፤ ከቆፋሪዎቹም ብዙዎቹ በእጃቸውና በአካፋ ነው የሚሠሩት። በእኛም አገር ወርቅና ኦፓል ፍለጋ ጕድጓድ የገቡ ሰዎች ናዳ እንደሚጫናቸው እንሰማለን፤ ሰምተንም ወሬውን ወደ ሌላ እናልፋለን። ከመቶ ዓመት በፊት ለሞቱት ማዘን ቀላል ነው፤ ደመወዝ አይጠይቁንም። በሕይወት ያለው ቆፋሪ ግን ይጠይቃል፤ ምሰሶውን የሚይዘው ብረት ዛሬ ይመርመርልኝ ይላል። በሌቫንት ላይ መደሰቴ በደል መሆን አለመሆኑ የሚፈረደው በገደሉ ላይ በተሰማኝ ስሜት ሳይሆን፣ ለዚህ ሰው በምሰጠው መልስ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ የሰጠሁት መልስ ጥቂት ነው፤ ስልኩንም አልጣልሁትም።

ኬፕ ኮርንዎልን ካለፍሁ በኋላ መንገዱ ዝቅ እያለ ሄደ። በዚህ ተራራ ራስ ላይ የአሮጌ ማዕድን ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሟል፤ ቦታውንም በ1987 ሄንዝ የተባለው የምግብ ኩባንያ ገዝቶ ለሕዝብ ቅርስ ጠባቂው ማኅበር ሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ነጩ አሸዋ ይመጣል፣ ከአሸዋውም ማዶ ሰነን ይታያል። በሰነን ከ1853 ጀምሮ የነፍስ አድን ጀልባ ቆሞ ይጠብቃል፤ አብዛኞቹ የሚቀዝፉትና የሚነዱት ሰዎች የመንደሩ ነዋሪዎች ሆነው፣ በማዕበል ሌሊት ሲጠሩ ያለ ደመወዝ ይወጣሉ። ወደ ባሕሩ የሚያንደረድረው የጀልባው መውረጃ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ፀሐይም ልትጠልቅ ነበረች፤ ከባሕሩ መካከል የሎንግሺፕስ መብራት ይበራና ይጠፋ ጀመር። ጫማዬን ፈትቼ አራገፍሁት፤ መጀመሪያ ነጩ አሸዋ ፈሰሰ፤ ከሥሩም የሌቫንት ቀይ አፈር ነበረበት።