ከፎቶው በኋላ

 

ሐምሌ ላይ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም ሳንርቅ ከወጣቶች ጋር ችግኝ ተክለን ነበር፤ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት። ፎቶ ተነሳን፣ ለጠፍን፣ "ማሻአላህ" ተባልን። በየካቲት ተመልሼ ሳይ አብዛኛው ደርቋል፤ የቀረውን ከብት ግጦታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ፤ አጥርም የውሃ ተራም አላዘጋጀሁም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። (ከብቱ የበላውስ ሰደቃ አይደል? እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ግን አንድ ጉርሻ ነው፣ አለቀ።) ለኒያችን አላህ አጅር አይነፍገንም። ዓመት ከዓመት የሚበላለት ግን ቆሞ ያደገ ዛፍ ነው።

አገር በቀል ዛፍ ደግሞ ሰብር ይጠይቃል። አዊ ውስጥ ብዙ ገበሬ ዲከረንስ የሚተክለው በአራት አምስት ዓመት ከሰል ሆኖ ስለሚሸጥ ነው። ሐላል ሪዝቅ ነው፤ ልጆች ተምረውበታል፤ ማንም አይንቀፋቸው። ዝግባ የሚተክል ግን ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው። ኮሶም ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ አንድ ብቻውን አቁመን ዘር መጠበቅ አንችልም። እንጅባራን እኮ ኮሶ በር እንላታለን! ዛፉ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቢቀር ለልጆቻችን ምን ብለን እናስረዳለን?

አዲስ አበባ ያላችሁ ጉለሌ እጽዋት ማዕከልን ጎብኙ። የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ቦታ ነው። ባህር ዛፍ በወረሰው ተራራ ላይ አገር በቀሉን መመለስ፣ ዘር መልቀም፣ ችግኝ ማፍላት፣ መኮትኮት፣ እዚያ ሰዎች በየቀኑ የሚውሉበት ሥራ ነው። እኛ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨርሰን ወደ ቤታችን ገባን።

ከተከልናቸው ሰባት ኮሶዎች አሁንም ነፍስ አላቸው። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ እስኪያብቡ አናውቅም። ነገ ከሱብሒ በኋላ በጀሪካን ውሃ ይዘን እንሄዳለን፤ ለአጥር የሚሆን እሾህም እንቆርጣለን። መምጣት የምትፈልጉ መጥረቢያ ያዙ፤ ስልካችሁን ቤት ብትተዉት ደስ ይለኛል።

ሱረቱል ከህፍን ያላነበባችሁ ከመግሪብ በፊት አንብቡ፤ ሶለዋትም አብዙ። ከዐስር በኋላ ባለችው ሰዓት ለእነዚያ ሰባት ችግኞችም ዱዓ አድርጉላቸው።